ያገለገለ የፓራሹት ኮንቴይነር ለመግዛት ለምታስቡ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች፦ የትኛውን ልምረጥ፣ ማን ይመልከትልኝ?

ዱባይ ወይም ኬንያ ዲያኒ ድረስ ሄዳችሁ የዝላይ ፈቃዳችሁን የያዛችሁ ወገኖች የራሳችሁን ዕቃ ለመግዛት ስታስቡ፣ አዲሱ ኮንቴይነር እጅግ ውድ ስለሆነና ከታዘዘም በኋላ ለወራት ስለሚያስጠብቅ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ማማተራችሁ ተገቢ ነው። እዚህ የምጽፈው ካሉት አማራጮች የትኛው እንደሚሻል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምን መመልከት እንዳለባችሁ፣ በከተሞቻችን ካሉት ባለሙያዎችም ለየትኛው ሥራ ወደ ማን መሄድ እንደሚገባችሁ ነው።

ኮንቴይነር የምንለው ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ሻንጣና ከእሱ ጋር በአንድነት የተሰፋውን የሰውነት ማሰሪያ፣ ማለትም ሃርነሱን ነው። ከላይ ተጠባባቂው ፓራሹት (ሪዘርቭ)፣ ከታች ደግሞ ዋናው ፓራሹት ታጥፈው ይቀመጡበታል። ፓራሹቱ ሲከፈት መላ ክብደታችሁን የሚይዘው ይህ ማሰሪያ ስለሆነ ፍርዴን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ መለያ ጽሑፉ የማይነበብ፣ የእሽግ ካርዱ የጠፋ፣ ወይም እናንተ በምትዘሉበት ቦታ ያለው ሪገር (ፓራሹት የሚመረምርና የሚያሽግ ባለፈቃድ ባለሙያ) «ይህንን አላሽግም» የሚለው ኮንቴይነር በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ አትውሰዱት።

መለየት የሚጀመረው ከመለያ ጽሑፉ ነው። ሻጮች ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የተጠለፈውን የምርት ስም ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ ያ ግን ከማስታወቂያ የሚበልጥ ነገር አይነግራችሁም። የምትፈልጉት አምራቹ የሰፋው ጨርቅ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ሲሆን፣ እሱም የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ ተከታታይ ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ቀንና «ቲኤስኦ-ሲ23» የሚለውን የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የጥራት ደረጃ ይይዛል። ከ23 በኋላ የሚከተለው ፊደል ደረጃው የተሻሻለበትን ቅደም ተከተል ያመለክታል፤ «ዲ» ከ«ሲ» በኋላ የመጣ ነው። ጽሑፉ የሚሰፋበት ቦታ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሻጩ «አላገኘሁትም» ቢላችሁ የሞዴሉን መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ቦታውን አሳዩት። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ልብ በሉ፤ እዚህ አገር እጅ በእጅ የሚተላለፍ ዕቃ ሲሆን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በእነሱ እየቆጠረ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በቀላሉ ይፈጠራል።

ተከታታይ ቁጥሩን ካገኛችሁ ለአምራቹ በኢሜይል ጻፉ። ኮንቴይነሩ መቼ እንደተሠራ፣ ለምን ያህል ስፋት ላለው ፓራሹት እንደተሰፋና ማሰሪያው በምን ልክ እንደተቆረጠ ከመዝገባቸው ይነግሯችኋል። በዚያው ላይ ሞዴሉን የሚመለከት የደኅንነት ማሳሰቢያ ወጥቶ እንደሆነና የታዘዘው እርማት ምን እንደነበር ጠይቁ። ከዚያ የእሽግ ካርዱን ፎቶ አስልኩ። ሪገሩ ተጠባባቂውን ባሸገ ቁጥር ቀኑንና ፊርማውን እዚያ ያሰፍራል፤ የእርሳስ ማኅተሙም የእሱን ምልክት ይይዛል። በአሜሪካ ሕግ ተጠባባቂው በየ180 ቀኑ መታየትና እንደገና መታሸግ አለበት። ስለዚህ ካርዱ ላይ የዓመታት ክፍተት ካያችሁ ዕቃው በዚያ ጊዜ የት፣ በምን ሁኔታ እንደተቀመጠ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ወደ ምርቶቹ ስንመጣ፣ በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው ቬክተር፣ ጃቭሊን፣ ሚራጅ፣ ዊንግስና አይከን ናቸው። እኔ ለጀማሪ የማስቀድመው ቬክተር 3ን እና ጃቭሊን ኦዲሲን ነው። ሁለቱም በብዛት ስለተሠሩ በየዝላይ ሜዳው የሚያውቃቸው ሪገርና መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል። ቬክተርን የሚሠራው ፍሎሪዳ የሚገኘው ዩናይትድ ፓራሹት ቴክኖሎጂስ ነው፤ ድርጅቱ ቀድሞ ሪላቲቭ ወርክሾፕ ይባል ስለነበር በቆየ ኮንቴይነር ላይ ይህን ስም ብታዩ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። መሥራቹ ቢል ቡዝ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ባለ ሦስት ቀለበት መልቀቂያ፣ ማለትም የተበላሸውን ዋና ፓራሹት ከማሰሪያው የሚያላቅቀውን፣ የፈጠረ ሰው ነው። ስካይሁክ የሚባለውም የእሱ ሥራ ሲሆን፣ የተበላሸው ዋና ፓራሹት ተላቆ ሲሄድ ተጠባባቂውን አብሮ እየሳበ በፍጥነት እንዲያወጣ ያደርጋል። ስካይሁክ ያለው ኮንቴይነር በዋጋ ከፍ ቢልም ልዩነቱን መክፈል ይገባል ባይ ነኝ። ሚራጅና ዊንግስም ጥሩ ናቸው፤ ዊንግስ ብዙ ጊዜ በዋጋ ቀለል ይላል፤ አይከንም ካርዱ የተሟላ ከሆነ አይናቅም። የምመክራችሁ እንድትርቁ አምራቹ ሥራ ካቆመ ኮንቴይነር ነው፤ ጥያቄ ቢፈጠር የሚመልስላችሁ የለም።

መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮንቴይነር የሚሰፋው ለተወሰነ የፓራሹት ስፋት ሲሆን፣ ስፋቱ የሚለካውም በስኩዌር ፊት ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ከነዕቃው ለሚመዝነው ለእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ስኩዌር ፊት ገደማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ዕቃ ሲታጠቅ 82 ኪሎ፣ በፓውንድ 180 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 180 ወይም 190 ስኩዌር ፊት ዋና ፓራሹት የሚይዝ ኮንቴይነር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ገበያው ላይ በርካሽ የሚወጡት ትንንሾቹ፣ ልምድ ላላቸው ዘላዮች የተሰፉት ናቸው። ትልቅ ፓራሹት በትንሽ ኮንቴይነር አስጨንቆ ማስገባት ክዳኖቹን ይወጥራል፣ ክዳኖቹን ዘግቶ የሚይዘውን ፒን ለመሳብ ከባድ ያደርጋል፣ ተጠባባቂውንም ሊያዘገይ ይችላል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ከፍታና ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሱት፣ ዲያኒ ባሕር ዳር ላይ በዝግታ የሚያሳርፋችሁ ፓራሹት እኛ ሰማይ ላይ ፈጠን ብሎ ያወርዳችኋል። አንድ ቀን በገዛ አገራችን ሰማይ እንዘላለን ብሎ የሚያስብ ሰው፣ እኔም የማስበው ነውና፣ ሰፋ ያለውን ይምረጥ።

ማሰሪያው ከቁመታችሁ ጋር መስማማቱ ከቀለሙ በእጅጉ ይበልጣል። ከዳሌ ቀለበት እስከ ትከሻ የሚወጣው ዋናው ቀበቶ ከረዘመባችሁ ፓራሹቱ ሲከፈት ማሰሪያው ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ የደረት ማሰሪያው ወደ አንገት ይጠጋል፣ የአደጋ ጊዜ እጀታዎቹም እጃችሁ ከለመደው ቦታ ይሸሻሉ። ልኩን ማስተካከል የሚቻለው አምራቹ ወይም ማስተር ሪገር (ከፍ ያለ ፈቃድ ያለው ሪገር) ሲሠራው ብቻ ስለሆነና ወጪውም ቀላል ስላልሆነ፣ የራሳችሁን ልክ በአምራቹ ቅጽ መሠረት ተለክታችሁ ከአምራቹ መዝገብ ካመጣችሁት ቁጥር ጋር ሳታመሳክሩ ቀብድ አትስጡ።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ በቀን ብርሃን ዘርጉት። ናይለን ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጥንካሬውን ያጣል፤ ስለዚህ በክዳን ተሸፍኖ የኖረውን ቀለም ከውጭኛው ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ዕቃው ፀሐይ ላይ ብዙ ኖሯል። ቀበቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ የተላገ፣ የደደረ፣ የተቃጠለ ወይም ክሩ የተነሣበት ቦታ ፈልጉ፤ በተለይ መቆለፊያ ብረቶቹ የሚያልፉበትን። የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ስፌት ሙሉ መሆን አለበት። የሻጋታ ወይም የባትሪ አሲድ ሽታ ያለው ኮንቴይነር ወዲያውኑ ይመለስ። የገመድ ማሳለፊያ የብረት ዓይኖቹ ከዛጉ፣ ከተሰነጠቁ ወይም ከጨርቁ ከተላቀቁ ክዳኖቹን የሚዘጋውን የገመድ ቀለበት (ሉፕ) እንደሚቆርጡ አስቡ።

ሦስቱ ቀለበቶች ላይ ጊዜ ስጡ። ሥራቸው ክብደቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ እየከፋፈሉ፣ በመጨረሻ ትንሿ የጨርቅ ሉፕ ላይ ጥቂት ኃይል ብቻ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ሳለ በእጁ ስቦ ሊላቀቅ የሚችለው። ቀለበቶቹ በነጻ ካልተገለበጡ፣ ሉፗ ከተበጣጠሰች፣ ወይም ቢጫው የመልቀቂያ ኬብል ከቆሸሸና ከተጣመመ ይህ ሒሳብ ይፈርሳል። ራይዘሩ (ማሰሪያውን ከዋናው ፓራሹት ገመዶች ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) እና ኬብሉ ሊለወጡ የሚችሉ ስለሆኑ ከዋጋ ላይ ማስቀነሻ ይሁኗችሁ እንጂ ግዢውን አያፈርሱም። የዋናው ፓራሹት መጎተቻ (ዋናውን ስቦ የሚያወጣው ትንሽ ፓራሹት) የሚቀመጥበት፣ ከታች ያለው ተለጣጭ ኪስ ከላላም እንዲሁ ነው፤ እስኪለወጥ ድረስ ግን መዝለል አይቻልም፤ መጎተቻው አየር ላይ ሳይታሰብ ሊወጣ ይችላልና።

ከኮንቴይነሩ ጋር ኤኤዲ፣ ማለትም ዘላዩ ሳይከፍት ቢቀር ተጠባባቂውን በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ፣ አብሮ ከቀረበ ዕድሜውን ለብቻ ተምኑ። ሳይፕረስ 2 እንደተመረተበት ዘመን 12 ዓመት ተኩል ወይም 15 ዓመት ተኩል፣ ቪጂል ደግሞ 20 ዓመት ያገለግላል። የመጀመሪያው ትውልድ ሳይፕረስ 12 ዓመት ገደማ የተወሰነለት ስለነበር ዛሬ ሁሉም ጊዜው አልፎበታል፤ ሻጩ ዋጋ ቢጠራበት ዋጋው ዜሮ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሁለት ዓመት የቀረው ኤኤዲ ያለበት «ሙሉ ዕቃ» ርካሽ ቢመስልም፣ አዲስ ኤኤዲ ስትጨምሩበት ከሌላው ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ከተሞቻችን ባለሙያዎች ልምጣ። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ለመጓጓዣ ቦርሳ፣ ለራስ ቁር ከረጢትና ለዝላይ ልብስ ጥገና ከእነሱ የተሻለ አላገኘሁም። ድሬዳዋ ያሉት የመኪና ወንበርና የሸራ ሰፊዎች ደግሞ ወፍራም ጨርቅ የሚበሳ ማሽን ስላላቸው፣ ፓራሹት የሚታጠፍበትን ምንጣፍና ጠንካራ ሻንጣ ለማሰፋት እነሱን እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ማንም የኮንቴይነሩን ማሰሪያ በመርፌ እንዳይነካ። የክሩ ዓይነት፣ የስፌቱ ቅርጽና የጥልፉ ብዛት በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሰፋ አንድ ስፌት ቀበቶውን ያዳክማል፣ ሪገሩም ዕቃውን እንዳያሽግ ምክንያት ይሆነዋል። ሰፊው ደግ ሰው ስለሆነ «ላጠንክርልህ» ይላል፤ አመስግናችሁ እለፉት።

ለእጥበት ላውንደሪ አትስጡት፤ የደረቅ እጥበት ኬሚካል ለናይለን አይሆንም። ተጠባባቂው ታሽጎ ሳለም አይታጠብም። ሪገሩ ሲከፍተው ጠይቁትና በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ለማድረቂያ መጠቀም ዕድሜውን መቁረጥ ነው። ታይዋን ገበያ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ስልካችሁን ይሥሩላችሁ እንጂ ኤኤዲ እንዲከፍቱ አትፍቀዱ፤ እሱ የሚታየው በአምራቹ ወይም አምራቹ በወከለው ማዕከል ነው።

ዕቃውን ወደ አገር ለማስገባት ካሰባችሁ ከመጫኑ በፊት ትራንዚተር አማክሩ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ፓራሹትና መለዋወጫው በ88.04 ስር እንደሚገባ ንገሩት፤ የግዢ ደረሰኙና የዝላይ ፈቃዳችሁ ቅጂም አብሮ ይሁን፣ ዕቃው የውትድርና ተደርጎ እንዳይታይ። ሳይፕረስ ካለው ለአየር ማረፊያ ፍተሻ የተዘጋጀውን ካርድ ከሻጩ ተቀበሉ። ለእኔ ግን የተሻለው መንገድ ዕቃውን ከመነሻው በምትዘሉበት አገር ወዳለ፣ እናንተ ወደመረጣችሁት ሪገር ማስላክ ነው። ገንዘቡ በሪገሩ ወይም በሁለታችሁ በሚታመን ሰው እጅ ይቆይ፤ ምርመራው ሲያልፍ ለሻጩ ይለቀቅ፤ ካላለፈ ዕቃው ይመለስ፤ የምርመራውንና የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ይህን የማይቀበል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሻጩ ራሱ ያመጣው ሪገር ብቻ የሰጠውን ቃልም እንደ ምርመራ አትቁጠሩት።

ከሳቢያን ለጠየቅከኝ ወንድሜ፦ በ1996 (በአውሮፓውያን) የተመረተውን ከነመጀመሪያው ትውልድ ሳይፕረስ የቀረበልህን ተወው። ብዙ ሪገሮች ከ20 ዓመት ያለፈውን ዕቃ ለማሸግ ፈቃደኛ አይደሉም፤ ዋጋው ያማረው ለዚህ ነው። ከፍታ መለኪያውን ለብቻው ከሸጠልህ ግን ተመልክተህ ግዛው።

ከሐረር ለጻፍሽልኝ እህቴ፦ በአውሮፓውያን የ2014ቱ ጃቭሊን ኦዲሲ ካርዱ ሳይቋረጥ የተሞላ በመሆኑ ከቀረቡልሽ ሁሉ እሱ ይሻላል። የቀረው የማሰሪያው ልክ ነው፤ ተከታታይ ቁጥሩን ለአምራቹ ላኪና መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለቁመትሽ መሆን አለመሆኑን አብረን እናያለን።