የውስጥ ፑልአፕ ለረጅም ገመድ ይበቃል?

ጥያቄ
ሰላም። ቺፑ ኤቲሜጋ328ፒ ነው፣ በ5 ቮልት። ከቦርዱ 8 ሜትር ያህል ርቆ በር ላይ የተገጠመ ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲጠጋው የሚዘጋ ስዊች) አለ፤ አንዱ ጫፍ ኢንተራፕት ፒኑ (ለውጥ ሲደርስበት የቺፑን ሥራ አቋርጦ የሚጠራው ፒን) ላይ፣ ሌላው ግራውንድ ላይ ገብቷል። ፒኑ «ኢንፑት ፑልአፕ» ተደርጓል፤ ማለትም ስዊቹ ክፍት ሲሆን ቺፑ ራሱ ከውስጥ ፒኑን ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። በአጭር ገመድ እንከን የለውም። በረጅሙ ግን በሩ ክፍት እያለ አጠገቡ ያለው ሞተር በተነሣ ቁጥር የሐሰት ኢንተራፕት ይመጣል። የውስጡ ፑልአፕ «ደካማ» ነው ሲባል በቁጥር ስንት ነው? ከውጭ 10 ኪሎ ኦም ባስገባ ይፈታል?

መልስ 1
ለዚህ ቺፕ የተሰጠው ልክ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ነው። ይህን ያህል የሚራራቀው፣ በአብዛኞቹ ቺፖች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሬዚስተር ሳይሆን ሆን ተብሎ ጥቂት ከረንት ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ትራንዚስተር ስለሆነ ነው። በ5 ቮልት ከ100 እስከ 250 ማይክሮ አምፒር ይሰጥሃል፤ ከዚያ አይዘልም። ሞተሩ ገመዱ ላይ የሚያስነሣውን ረብሻ ይህ ከረንት አይቋቋመውም።

10 ኪሎ ኦም ይረዳል፣ ግን ለ8 ሜትር እኔ አልመርጠውም። ቦርዱ ላይ ከመስመሩ ወደ 5 ቮልት 2.2 ኪሎ ኦም አድርግ። ከመስመሩ ወደ ፒኑ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ናኖ ፋራድ። ካፓሲተሩን ከ1 ኪሎ ኦሙ በፊት፣ በገመዱ በኩል አታድርገው፤ ስዊቹ በተዘጋ ቁጥር ቻርጁ በቀጥታ በኮንታክቱ ላይ ይራገፋል፣ ውሎ አድሮም ያጣብቀዋል። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዛቸው፤ የስዊቹ ግራውንድም ከሞተሩ ሳይሆን ከቦርዱ ይምጣ።

መልስ 2
ከላይ በተባለው ላይ፦ የውጩን ፑልአፕ ትተህ ለመከላከያ ብቻ ብለህ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ እንዳታስገባ። የውስጡ 20 ኪሎ ኦም የሆነበት ቺፕ ከደረሰህ፣ ስዊቹ ተዘግቶ ፒኑ ላይ የሚቀረው 1.67 ቮልት ነው፤ ቺፑ «ዝቅተኛ» ብሎ ሊያነብ የሚገደደው ግን እስከ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። አንዱ ቦርድ ይሠራል፣ ሌላው እምቢ ይላል፣ ምክንያቱም አይገኝም።

የራስህን ቺፕ ማወቅ ከፈለግክ ፑልአፑን አብራ፣ ፒኑን በ10 ኪሎ ኦም ከግራውንድ አገናኝና ቮልቴጁን ለካ። 1.1 ካነበብክ ወደ 35 ኪሎ ኦም ነው። ኮዱንም ፈትሽ፤ በኤቪአር (ቺፕህ ያለበት ቤተሰብ) ላይ ኢንፑት በሆነ ፒን «ዲጂታል ራይት ሎው» መጻፍ ፑልአፑን ያጠፋዋል፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በኋላ በባትሪ ወደሚሠራ ሌላ ቺፕ፣ ኢኤስፒ32፣ ፒን 34 ላይ ላዛውረው ነው። ያው ነው?

መልስ 1
አይደለም። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ኢንፑት ብቻ ናቸው፣ የውስጥ ፑልአፕም የላቸውም፤ የውጩን ካላስገባህ ይንሳፈፋሉ (ከፍም ዝቅም ሳይሉ ይዋዥቃሉ)። ፑልአፑም ወደ 3.3 ቮልት ይሁን እንጂ ወደ 5 አይሁን።

ለባትሪ የሚከብደው ግን 2.2 ኪሎ ኦሙ ነው፤ በሩ ተዘግቶ በዋለበት ሰዓት ሁሉ 1.5 ሚሊ አምፒር ይፈስበታል። ስለዚህ ከ3.3 ቮልት ፋንታ ከአንድ አውትፑት ፒን መግበው። ቺፑ በታይመር ሲነቃ ፒኑን ከፍ አድርግ፣ ካፓሲተሩ እንዲሞላ 2 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ፣ አንብብ፣ መልሰህ ዝቅ አድርገው።