የሚኒሶታ ዋይልድን የበረዶ ሆኪ ጨዋታዎች ከጅማ ሆኖ በቴሌቪዥን ማየት የሚቻለው በምን መንገድ ነው?

ጡረተኛው መምህር (ጅማ፣ ሄርማታ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ሴንት ፖል የሚኖረው ታላቁ ልጄ በየእሑዱ ሲደውልልኝ ስለ ብርዱና ስለ ሥራው ካወራን በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሚኒሶታ ዋይልድ በሚባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ላይ ነው። መጀመሪያ ለደንቡ ያህል እሰማው ነበር። በኋላ የላከልኝን አጫጭር ምስሎች ሳይ ግን ከልጅነቴ የማውቀው የገና ጨዋታ በረዶ ላይ የወጣ መሰለኝ፤ ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፣ ግፊያውም ያው ነው፣ ልዩነቱ ሩሯ ድቡልቡል መሆኗ ቀርቶ ጠፍጣፋ መሆኗ ነው። አሁን የምመኘው አንድ ሙሉ ጨዋታ ከእርሱ እኩል ተከታትዬ በእሑዱ ስልክ ላይ የራሴን አስተያየት መስጠት ነው።

እስካሁን የሞከርኩት ሁሉ አልሰመረልኝም። ልጄ ኢኤስፒኤን በሚባለው የአሜሪካ የስፖርት ጣቢያ ላይ ያለውን የራሱን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ልኮልኝ ስከፍተው አገልግሎቱ በምገኝበት አገር እንደማይሰጥ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ መጣ። ከዚያ አንድ ዲሽ ገጣሚ «የዓለም ስፖርት በሙሉ ይገባል» ብሎ አዲስ ሪሲቨር ሸጠልኝ፤ ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ የገቡት ከድሮው ሪሲቨር ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጻ ጣቢያዎች ሆነው ተገኙ። በሰፈራችን ወዳለው የዲኤስቲቪ ቤትም ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ ባለቤቱ በአክብሮት አስቀምጦ ሻይ ቢጋብዘኝም፣ ፕሪሚየር ሊግ ሊያይ የመጣውን ወጣት በሆኪ ምክንያት ማስቀየም እንደማይችል ነገረኝ። እውነቱን ነው።

ቤቴ የፋይበር ኢንተርኔት የገባለት ሲሆን ቴሌቪዥኔም ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ ሕጋዊ የሆነውን መንገድ፣ ጨዋታው በእኛ ሰዓት የሚውልበትን ጊዜና ልጠነቀቅበት የሚገባኝን ነገር ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ባለዲሹ (ጅማ፣ መርካቶ)፦

ጋሼ፣ በመጀመሪያ በሙያ ባልደረባዬ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በነጻ ሳተላይት የሚገቡት ጣቢያዎች የሆኪ መብት ስለማይገዙ፣ ዲሹን ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩትና ስንት ኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ የሚገጠመውን የምልክት መቀበያ) ቢደረድሩበት የሚፈልጉትን ቡድን አያመጣልዎትም።

በሳተላይት በኩል የቀረው በር ዲኤስቲቪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዲኤስቲቪ ላይ ያሉት የኢኤስፒኤን ጣቢያዎች በብዛት የሚያሳዩት የአሜሪካን ስፖርት ሲሆን፣ የበረዶ ሆኪም አልፎ አልፎ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ነገር ግን ጨዋታውን የሚመርጠው ጣቢያው እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ አንድ ቡድን በዓመት ከ80 በላይ የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች እያደረገ በዚህ መንገድ ዋይልድን የሚያገኙት በዕድል ነው። ዲኮደሩ የሚቀዳ ዓይነት ከሆነ ከሳምንቱ መጀመሪያ የፕሮግራም ዝርዝሩን ገልብጦ መቅዳት ይቻላል። ለአንድ ቡድን ብለው ከፍተኛውን ጥቅል እንዲገዙ ግን አልመክርም፤ ገበያዬን የሚጎዳ ምክር ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦

መምህር፣ እኔም ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው፤ አሁን የምኖረው የሴንት ፖል ጎረቤት በሆነችው ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው፣ ከአገራችንና ከሶማሊያ የመጣ ሰው በሚበዛበት ሰፈር ነው። የልጅዎ የይለፍ ቃል ጅማ ላይ ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት፣ መብቱ የሚሸጠው በአገር ተከፋፍሎ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ኢኤስፒኤንና ቲኤንቲ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሰባት ዓመት የገዙት የአሜሪካን መብት ነው፤ ካናዳን ሮጀርስ የሚባለው ኩባንያ ይዞታል፤ ሌላውም አገር እንዲሁ ለየብቻው ይሸጣል። ስለዚህ ልጅዎ የከፈለው አሜሪካ ውስጥ ለማየት ብቻ ነው።

የሚያስገርመው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆነን የምንከፍል ሰዎች ከእርስዎ የባሰ መቸገራችን ነው። የቡድኑ አብዛኛው ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ለክልሉ የስፖርት ጣቢያ ተሸጦ ስለኖረ፣ የመላ አገሪቱን ጨዋታ በሚያሳየው ጥቅል ላይ በቤታችን አካባቢ የሚጫወተው ቡድን ብቻ ተለይቶ ይዘጋብናል፤ ፍሎሪዳ ያለ ሰው ዋይልድን እያየ ከሜዳው በአውቶቡስ ሩቅ የማንባል ሰዎች ጥቁር ስክሪን እናያለን። የጣቢያው ባለቤት የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ፣ በ2024 ደግሞ የጣቢያው ስም ተቀይሮ፣ የትኛውን ቁጥር መጫን እንዳለብን እስኪጠፋን ድረስ ተምታቶብን ነበር። እርስዎ ዘንድ ይህ ክልከላ የለም። ለሩቅ አገር ተመልካች በሚሸጠው አገልግሎት ላይ የሜዳውም የውጪውም ጨዋታ ክፍት ነው፤ በዚህ ረገድ ከሴንት ፖል ይልቅ ጅማ ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፈጣኑ፦

ይህን ያህል ምን ያደክማል? ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚደብቅ መተግበሪያ) ጭነው አሜሪካ ያሉ ማስመሰልና የልጅዎን መለያ መጠቀም ይችላሉ።

የኔትወርክ ባለሙያ (ጅማ)፦

ከላይ የተሰጠው የቪፒኤን ምክር ለመምህሩ የሚበጅ አይመስለኝም። ጠያቂው ሕጋዊ መንገድ ብለው የጠየቁ ሲሆን፣ የአገልግሎቱን ውል በመጣስ የሚመጣው ጣጣ የሚተርፈው ለልጃቸው መለያ ነው። ከዚህም ሌላ ምስሉ ከጅማ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ጅማ ተዟዙሮ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በሆኪ ላይ የፍጥነት መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች አስረዳለሁ።

ዋይልድ የሚጫወትበት ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ላሉ ተመልካቾች ኤንኤችኤል ቲቪ የተባለ አገልግሎት ያቀርባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሚገኘው ዳዞን በሚባለው የስፖርት መተግበሪያ ውስጥ ነው። መለያውን ከዚሁ ከጅማ፣ በራስዎ የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱ፤ አገልግሎቱ አገርዎን የሚለየው በተገናኙበት የኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ልጅዎ እዚያ ሆኖ ቢከፍትልዎት ያው የመጀመሪያው ችግር ይደገማል። ለኢትዮጵያ የቀረበውን ዋጋና የክፍያ ዓይነት ገጹ ላይ አይተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይክፈሉ፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚሆን የካርዱን ነገር ከልጅዎ ጋር ቢመክሩበት ይቀልዎታል። የዓመቱን ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ወር ካለ በእርሱ መስመርዎን ይፈትኑ።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ዘርዘር ላድርገው። አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በሚኒሶታና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ ስምንት ሰዓት ነው። በሴንት ፖል ማታ በእነርሱ ሰባት ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በክረምታቸው ጅማ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በመስከረም መጨረሻና በሚያዝያ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም የሚቀጥለው ቀን ነው፣ ማለትም የማክሰኞ ብለው የጻፉት ለእኛ ረቡዕ ሊነጋ ሲል ነው። ነገር ግን ቡድኑ ወደ ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ወይም ወደ ቫንኩቨር ሲጓዝ በዚያው በእነርሱ ሰባት ሰዓት ላይ የሚጀመረው ጨዋታ በክረምት ለእኛ ልክ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ለመምህር የሚስማማው ይህ ነው፤ ከአዛን በኋላ ተነስቶ፣ ጀበናውን ጥዶ፣ ቁርስ እስኪደርስ ጨዋታው ያልቃል። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደረጉ ጨዋታዎችም አሉ፤ እዚያ ከቀኑ በእነርሱ አንድ ሰዓት ላይ የተጀመረ በክረምት ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ዋይልድ ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ሲጫወት እኛ ሌሊት መነሳት ሳያስፈልገን ነበር ያየነው። በሌሊት መነሳት ለማይፈልግ ሰው ያለቀውን ጨዋታ ጠዋት ከመጀመሪያው ማየትም ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤቱ በስልክ እንዳይደርስዎት ልጅዎን አስቀድመው ቃል ያስገቡት።

አሁን ወደ ምስሉ ጥራት ልምጣ። ፓክ የሚሏት ጥቁር ጎማ ስፋቷ ወደ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። እግር ኳስ በደበዘዘ ምስልም ቢሆን ይታያል፤ ፓኳ ግን የምስሉ ጥራት ሲወርድ ከነጭራሹ ትጠፋና ሰዎቹ በባዶ ሜዳ የሚሯሯጡ ይመስላል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ተመልካቹ ፓኳን እንዲያገኛት ብሎ ውስጧ መሣሪያ ቀብሮ በስክሪን ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያለብሳት ጀመር፣ ፍጥነቷ በሰዓት ከ112 ኪሎ ሜትር ሲያልፍም ቀይ ጅራት ይቀጥልላት ነበር። የቆዩት የሆኪ ወዳጆች ጨዋታችንን የሕፃናት መጫወቻ አደረጋችሁት ብለው ተቆጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቀረ። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ የሚጠቅም ነበር እላለሁ። ያም ሆነ ይህ በከፍተኛው ጥራት በሰዓት ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ ሦስቱ የ20 ደቂቃ ክፍሎችና በመካከላቸው ያሉት ሁለት የ18 ደቂቃ እረፍቶች፣ ሰዓቱ ከሚቆምባቸው ጊዜያት ጋር ተደምረው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስደው ጨዋታ እስከ 7 ወይም 8 ጊጋባይት ይበላል። ያልተገደበ ፋይበር ካለዎት አያሳስብም፤ በሞባይል ዳታ ግን አይሞክሩት። ቴሌቪዥኑንም በዋይፋይ ከማገናኘት ይልቅ ከሞደሙ በኬብል ያገናኙት። ፓኳ ከጠፋችብዎ አይፈልጓት፣ የተጫዋቾቹን ትከሻ ይመልከቱ፤ ሁሉም ወደሚዞርበት ቦታ ሲያዩ እርሷን እዚያ ያገኟታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለመለማመድ ከፈለጉ ደግሞ ሊጉ በዩቲዩብ ላይ የየጨዋታውን ዋና ዋና ክፍሎች በነጻ ያወጣል።

ከሚኒያፖሊስ፦

አንድ ነገር ልጨምር። መምህር የገና ጨዋታን ስላነሱ፣ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ሲደባደቡ ቢያዩ ቴሌቪዥኑ ሌላ ፕሮግራም የቀየረ እንዳይመስልዎት። ዳኞቹ ትንሽ ይጠብቁና ይገላግሏቸዋል፣ ከዚያ ለቅጣት አምስት አምስት ደቂቃ ከሜዳ ወጥተው ተቀምጠው ይመለሳሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው እዚህም ይሠራል። ደግሞ በሚያዝያ አጋማሽ የሚጀመረው የጥሎ ማለፍ ውድድር ላይ እኩል ከወጡ አንዱ እስኪያገባ ድረስ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ ስለሚቀጥል፣ በዚያን ሰሞን ለጠዋት ቀጠሮ አይስጡ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መለያውን ከዚህ ከፈትኩ፣ ልጄም የክፍያውን ነገር ጨረሰልኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የመጀመሪያውን ሙሉ ጨዋታ አየን። በሁለተኛው ክፍል መካከል መብራት ለአጭር ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ካቆምንበት ቀጠለልን። ትከሻቸውን አይተህ ፓኳን ፈልግ የተባለው ምክር ለእኔ እስከ እረፍቱ ድረስ አልገባኝም ነበር፤ ባለቤቴ ግን ከእኔ ቀድማ ለመደችውና «ያውልህ፣ ከግቡ ኋላ» እያለች ታሳየኝ ጀመር።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኛል። ልጄ እዚያ በቤቱ ቴሌቪዥን፣ እኔ እዚህ፣ ስልኩን በድምፅ ክፍት አድርገን ስናይ፣ እኔ ዘንድ ገና ሰዎቹ መሐል ሜዳ ላይ እያሉ እርሱ «ጎል!» ብሎ ይጮሃል። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገኝ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ዘጋሁበት። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው?

የኔትወርክ ባለሙያ፦

ይስተካከላል፣ መምህር። በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል በኬብል ወይም በሳተላይት ከሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ መጠበቅ ያለበት ልጅዎ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው የጨዋታ ሰዓት ከ20፡00 ወደ ታች ይቆጥራል፤ ጨዋታው እንደተጀመረ፣ ሰዓቱ እየሮጠ ሳለ፣ ሁለታችሁም የሚታያችሁን ቁጥር በአንድ ጊዜ ተናገሩ። እርሱ 19፡20 እርስዎ 19፡58 ካላችሁ ልዩነቱ 38 ሰከንድ ነውና ሪሞቱን ይዞ ለ38 ሰከንድ ያቁመው። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር አንዳንዴ ልዩነቱ ስለሚዛባ በየክፍሉ መጀመሪያ አንድ ጊዜ አመሳክሩት።