«ቺዝማን» የሚለው ስም ከየት መጣ? የዳንግላው ቆንሲል ዘመዶችስ እነማን ናቸው?

የዳንግላዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ዳንግላ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የከተማችንን ታሪክ ጽፈው ግድግዳ ላይ ሊለጥፉ ነው። አንዱ ቡድን የደረሰው ስለ እንግሊዝ ቆንስላ ነው። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚህ ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንሲል ሆኖ ሠርቷል። ጣናን ዞሮ ያጠናና የዓባይን ሸለቆ ካርታ ያነሳ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለብንም።

ልጆቹ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ግን ግራ ገባቸው። አንዱ ቦታ ከ«ኤስ» ቀጥሎ «ኢ» የምትባለዋ ፊደል አለች፣ ሌላው ቦታ የለችም። ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ የዕፅዋት ሊቅ ቺዝማን ወጣ። ነፍሳት የምታጠና አንዲት ሴት ቺዝማንም ወጣች። «ቲቸር፣ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው?» አሉኝ። ሳላጣራ መመለስ አልፈለግሁም።

ስሙ ምን ማለት ነው? የየት አካባቢ ስም ነው? ይህ ስም ያለው ሁሉ የኛ ቆንሲል ዘመድ ነው ማለት ይቻላል? የምታውቁ ብትረዱን ልጆቹ በጣም ደስ ይላቸዋል።

ጣና ዳር

ሰላም ቲቸር። ቀላል ይመስለኛል። ሮበርት የራሱ ስም፣ ቺዝማን የአባቱ ስም ነዋ። ስለዚህ ቺዝማን የሚባሉት የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። ስሙ የበዛ ካልሆነ ደግሞ ወደ ላይ ሲቆጠር አንድ አያት ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

አሽፎርድ ነዋሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም የዳንግላ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ፣ አሽፎርድ ከተማ ነው። የእናንተ ቆንሲል በ1878 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው) የተወለደው ዌስትዌል በምትባል መንደር ነው። መንደሯ ከኔ ቤት በስተሰሜን ትንሽ መንዳት ብቻ ነው የምትፈልገው። ከዚያች መንደር ተነስቶ ዳንግላ የከተመ ሰው እንዳለ ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህን ስም ነገር ስከታተል ቆይቻለሁ።

በመጀመሪያ ለጣና ዳር። ወንድሜ፣ ያልከው በኛ አገር ልማድ ልክ ነው። እንግሊዝ ጋ ግን ቺዝማን የአባት ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። አባቱም አያቱም ቅድመ አያቱም ቺዝማን ናቸው። እኛ ጋ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል፣ እነሱ ጋ ከ600 ዓመት በላይ ሳይቀየር ይወርዳል። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ነው ልማዱ የተጀመረው። መጀመሪያ ባለ ርስቶቹ ያዙት፣ ቀስ በቀስ ወደ ገበሬው ወረደ። በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። ስሞቹ የወጡት ከሥራ፣ ከሚኖሩበት ቦታ፣ ከአባት ስም ወይም ከቅጽል ስም ነው።

ቺዝማን የሥራ ስም ነው። አይብ ሠሪ ወይም አይብ ሻጭ ማለት ነው። የድሮው እንግሊዝኛ የአይብ ቃልና «ሰው» የሚለው ቃል ተጋጥመው የሠሩት ነው።

እዚህ ላይ ልጆቹ «አይብ መሥራት ደግሞ ምኑ ነው ሙያ የሚያሰኘው?» ሊሉ ይችላሉ። እውነት አላቸው። እናቴ ቅሉን ትንጣለች፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው እሳት ላይ ይጣድና አይብ ይሆናል። ቅቤው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። አይቡ እቤት በጎመን ይበላል፤ ቢበዛ ለጎረቤት ይላካል። ከጥቂት ቀን በላይ ስለማይቆይ ይዘውት ሩቅ አይሄዱም። የእንግሊዙ ሌላ ነገር ነው። ወተቱ ከጥጃ ሆድ በሚወጣ ማርጊያ ይረጋል፣ ውሃው ይጨመቃል፣ ጨው ይገባበታል፣ ከዚያ በክብደት ተጭኖ ይደርቃል። ወራት ይቆያል። በጋሪና በጀልባ ለንደን ድረስ ይጓዛል። በመካከለኛው ዘመን በኬንትና በኤሴክስ የባሕር ዳርቻ ረግረጎች ላይ በጎች ይታለቡ ነበር፤ አይቡ በብዛት የሚሠራው ከዚያ ወተት ነው። ስለዚህ አይብ ሲሠራ ወይም ሲነግድ የሚውል ሰው ነበር፤ መንደሩም በዚያ ጠራው።

እንግዲህ መልሱ እዚህ ላይ ነው። አይብ የሚሠራ ሰው በአንድ መንደር ብቻ አልነበረም። አንዱ መንደር አንዱን ቺዝማን አለው፣ ሌላው መንደር ሌላውን። ሁለቱ በሥጋ አይገናኙም። ልጆቻቸው ግን አንድ ስም ወረሱ። እኔ በምሠራበት ቦታ አንዲት ቺዝማን አለች። የኛን ቆንሲል ነገር ሳጫውታት ገረማት፤ የሷ ወገኖች የሱሴክስ ሰዎች ናቸው፣ ከዌስትዌሎቹ ጋር ዝምድና የላቸውም።

ስሙ የት ይበዛል ላልሽው፣ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ነው፤ ኬንትና ሱሴክስ። የ1881ዱ የሕዝብ ቆጠራ ሙሉ ለሙሉ ወደ ኮምፒውተር ስለገባ በሱ ላይ የተመሠረቱ የስም ካርታዎች አሉ። ካርታው ላይ ስሙን ስትፈልጊ ይሄ የታችኛው የቀኝ ጥግ ነው የሚጠቁረው። ወደ ሰሜን በሄድሽ ቁጥር ይሳሳል። አይብ በሰሜንም በምዕራብም ይሠራል፤ እዚያ ግን ሰዎቹ ሌላ ሌላ ስም ይዘው ቀሩ።

እንጅባራ

ጋሼ፣ ደስ የሚል ነገር ነው የነገሩን። እኔ ያስገረመኝ ሰው በሥራው መጠራቱ፣ ልጁም ሳያፍርበት መውረሱ ነው። እኛ አገር ማን ነው «ቀጥቃጭ» በሚል ስም ልጁን የሚያስጠራ? ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ነው የኖሩት። «ቡዳ» እየተባሉ ልጅ አላጋባም የተባሉ ስንት ናቸው። እንግሊዝ ጋ ግን ስሚዝ፣ ማለትም ቀጥቃጭ፣ ከሁሉም የበዛው ስም ነው ይባላል። እውነት ነው?

ደግሞ የኛን የአገውን ባስታውስ፣ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። በሰባት ቤት አገው ትውፊት አገሩ ነው በሰዎቹ ስም የተጠራው። አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም የወንድማማቾች ስም ነው ይሉናል አባቶቻችን። እነሱ ጋ ሰውዬው ነው በአገሩ የሚጠራው?

አሽፎርድ ነዋሪ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ስሚዝ አንደኛ ነው። ያነሳኸው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ማረሻችንን የሠራልንን ሰው ስም ስድብ አደረግነው። መምህርት፣ ይህን ለልጆቹ ብታነሺላቸው ደስ ይለኛል።

የአገር ስምም አዎ፣ እነሱ ጋ በጣም ብዙ ነው። ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነውን ልጥቀስ። በ1941 ከንጉሡ ጋር ጎጃም ገብቶ ቡሬና ደምበጫ ላይ የተዋጋው ዊንጌት ስሙ ከቦታ የመጣ ነው። ነፋስ የሚያልፍበት በር ማለት ነው። በሰሜን እንግሊዝ ደርሃም ውስጥ ዛሬም በዚህ ስም የሚጠራ መንደር አለ። እንደ ኛ «ነፋስ መውጫ» ማለት ነው።

ወደ ቺዝማን ልመለስ። ስለ ፊደሏ ልጆቹ አይጨነቁ። ዘመድነትን አትለይም። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። መዝገቡን የሚጽፈው ቄሱ ነው። ባለ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አይችልም። ቄሱ እንደሰማው ይጽፋል፤ ዛሬ ቺዝማን፣ ነገ ቼስማን፣ ሌላው ቄስ ቺስማን። የአንድ አባት ሁለት ልጆች በሁለት አጻጻፍ ተመዝግበው ታገኛለሽ። ተገላቢጦሹም አለ፤ በአንድ አጻጻፍ የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ምንም ላይገናኙ ይችላሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ይቀይረዋል። ኮሜዲያኑን ጆን ክሊስን የምታውቁት ትኖራላችሁ። የአባቱ ቤተሰብ ስም «ቺዝ» ነበር፣ አይብ። አባቱ በ1915 ጦሩን ሲቀላቀል መሳቂያ እንዳይሆን ብሎ ወደ ክሊስ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ልጆች ክሊስ ናቸው። በስም ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጭራሽ አይገኝም።

አሁን ልጆቹ ወዳገኟቸው ሰዎች።

ነፍሳት የምታጠናው ኤቭሊን ቺዝማን ናት። እሷ እውነተኛ ዘመድ ናት፤ የቆንሲሉ ታናሽ እህት! በ1881 እዚያው ዌስትዌል ተወለደች። ለንደን መካነ አራዊት ውስጥ የነፍሳቱን ቤት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በኋላ ኒውጊኒና የፓስፊክ ደሴቶችን ዞራ ነፍሳት ሰበሰበች፤ 70,000 ገደማ የሚሆን። እሱ በበቅሎ የዓባይን ሸለቆ አፋፍ ይዞ ሲጓዝ እሷ ኒው ሄብሪዲስ (የዛሬዋ ቫኑአቱ) ጫካ ውስጥ ነበረች። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መቼም ለሴት ተማሪዎችሽ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አይገኝም። ከወንድሟ ምስል አጠገብ አድርጊያት።

የኒውዚላንዱ ቶማስ ፍሬደሪክ ቺዝማን ነው። እሱ «ኢ»ዋ ያለችው ነው። የተወለደው ሰሜን እንግሊዝ፣ ሃል ከተማ ነው። በ1854 በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ኦክላንድ ገባ። ከ1874 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1923 ድረስ፣ የኦክላንድ ሙዚየም ኃላፊ ነበር። የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ በ1906 አውጥቷል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ የዌስትዌሎቹ ዘመድ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ስሙ ወደ ሌላ አገር የሄደው እንዲህ ከሰዎች ጋር ነው። ኬንትና ሱሴክስ በ1830ዎቹ በጣም ደህይተው ነበር። የቀን ሠራተኞች በ1830 ዐመፅ አንስተው የመውቂያ ማሽን እስከ መስበር ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ደብሮች ድሆቻቸውን የመርከብ ዋጋ ከፍለው ወደ ካናዳ ላኩ። ሌላው አውስትራሊያና አሜሪካ ሄደ። የነዚህ አውራጃዎች ስሞች ዛሬ እነዚያ አገሮች ውስጥ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የዳንግላዋ መምህርት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቱ መሆኗን ስነግራቸው ክፍሉ ተናጋ! አንዷ ተማሪዬ የኤቭሊንን ክፍል እኔ ካልጻፍኩ ብላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ ከሮበርት ወደ ላይ ሰባት ትውልድ መቁጠር ይፈልጋሉ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው። ይቻላል?

አሽፎርድ ነዋሪ

ይቻላል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። መንገዱ ከኛ ተቃራኒ ነው። አያቴ ርስት ሲሟገቱ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምረው እስከ ራሳቸው ድረስ ሳያቋርጡ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ትውልድ ከዘለሉ ዳኛው አይሰማቸውም። ቆጠራው በቃል ነው፣ ምስክሩ ሽማግሌ ነው። እንግሊዞቹ ብዙዎቹ ከአያታቸው በላይ በቃላቸው አያውቁም። መዝገብ ግን አላቸው።

ከሚታወቀው ሰው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በ1837 ነው መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ እንግሊዝና ዌልስ የጀመረው። ስለዚህ የ1878ቱ ልደት እዚያ አለ። በየአሥር ዓመቱ የሚደረገው ቆጠራ ደግሞ ከ1841 ጀምሮ የቤተሰቡን ሰዎች በስም ይዘረዝራል። 1881ዱን ስትከፍቱ አባት፣ እናት፣ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ተጽፈው ታገኛላችሁ። ከ1837 በላይ ለመውጣት ወደ ደብሩ መዝገብ ትሄዳላችሁ። በየደረጃው ማስረጃ ሳትይዙ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በርካታ ሰው የሚሳሳተው ከታች ጀምሮ መውጣት ሲገባው፣ ታዋቂ ሰው ከላይ መርጦ ወደ ራሱ ለማውረድ ሲሞክር ነው።

የዌስትዌሉን እኔ ልርዳችሁ። የኬንት የድሮ መዝገቦች ሜይድስተን በሚገኘው የአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ከዚህ በባቡር ሩቅ አይደለም።

ጣና ዳር

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ቲቸር፣ ስሙ ወደ እንስሳም ተሻግሯል። ቺዝማን ዳንግላ ከመምጣቱ በፊት ኢራቅ ነበር። የበረሃ አይጥ ዓይነት ሰብስቦ ነበርና ኦልድፊልድ ቶማስ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በ1919 በሱ ስም ሰየማት። ዓረብ ምድር ላይ አሁንም በዚህ ስም ትታወቃለች። ለልጆቹ ሥዕሏን ጨምሩላቸው።

የዳንግላዋ መምህርት

እንጨምራለን። ካርታ እየሠሩ ነው፤ ዌስትዌል፣ ዳንግላ፣ ኢራቅ፣ ኒውጊኒ በአንድ ቀለም፣ ኦክላንድ ለብቻው በሌላ ቀለም። ጋሼ፣ የወላጆቻቸውን ስም ከ1881ዱ ቆጠራ ካገኙልን ከሥር እናስገባዋለን። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለን።

አሽፎርድ ነዋሪ

እሺ እህቴ፣ አገኝልሻለሁ። ካርታው ላይ ዌስትዌልን ከአሽፎርድ በላይ አድርጉት፣ ብዙ ካርታ ላይ ስሟ አይጻፍም። አንድ ደግሞ፣ ከኤቭሊን ስም ላይ ያቺን ትርፍ «ኢ» እንዳትጨምሩባት፤ እሷም እንደ ወንድሟ ስሟን ያለዚያች ፊደል ነበር የምትጽፈው።