ዝሆኔ «በዘር ነው» ተብሎ በአደባባይ ይነገር?

የጣና ዳር፦ ትናንት በአንድ የባሕር ዳር የሬዲዮ ዝግጅት የቀረቡ እንግዳ «ዝሆኔ በዘር መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ሲሉ ሰማሁ፤ አዘጋጁም ምንም ሳይጠይቅ አለፈው። ዝሆኔ ስል ትንኝ የሚያስተላልፈውን ሳይሆን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ነው። ጎጃም ውስጥ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ «እነዚያ ቤት እግር አለባቸው» ተብሎ በሚመለስበት አገር፣ እንዲህ ያለ ንግግር የስንቱን ትዳር እንደሚያፈርስ አልታሰበበትም። በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ እንጂ ዘር አይደለም።

ላብራቶሪ፦ ቁጣዎ ይገባኛል፤ «ዘር አይደለም» ያሉት ግን ልክ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው የወላይታ ጥናት በሽታው ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ከሚባሉት ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እነዚህ ዘረመሎች ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከያ ሕዋሳት በሚያሳይበት አሠራር ውስጥ ድርሻ አላቸው። ከዚያ በፊት የወጣ የቤተሰብ ጥናትም የውርስን ድርሻ 63 በመቶ አድርሶታል።

ነርስ ከመሸንቲ፦ ይህን 63 በመቶ ሳይብራራ አይጻፉት። ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ የሚለካ ቁጥር ነው። አፈሩን ያልረገጠ ሰው ዘረመሉ ምንም ቢሆን በዝሆኔ አይያዝም። አንዲት እናት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ እግሯን ነክራ፣ በጣቶቿ መካከል የሚያዠውን በጨርቅ እያደረቅሁ ቫዝሊን ስቀባት «ለልጄም ይተርፋት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏታል?

ላብራቶሪ፦ እውነቱን እነግራታለሁ። ልጅቷ ተጋላጭነቱን ወርሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር ጫማ ያስፈልጋታል።

የጣና ዳር፦ እርስዎ ሁለቱን አንድ ላይ ይናገራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይዘው የሚመለሱት ግን «ወርሳ» የሚለውን ብቻ ነው።

ደብረ ኤልያስ፦ በእኛ ወረዳና በደምበጫ በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶው ታሞ ተገኝቷል። የዘረመል ምርምሩ ለእነዚህ ሰዎች እስካሁን አንድ ጥንድ ካልሲ እንኳ አላመጣም። የጠቀማቸው በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የእግር እንክብካቤ ነው፤ ማጠብ፣ መቀባት፣ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ።

ላብራቶሪ፦ የዚያን ጥናት ውጤት እስከ መጨረሻው ይጥቀሱት። ወዲያው እንክብካቤ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ በትኩሳትና በሕመም ተመትተዋል። ቅናሹ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የቀረውን አራት አምስተኛ በምን እንቀንሰው? በአፈሩ ውስጥ ያለው የማዕድን ቅንጣት ቆዳውን አልፎ ከገባ በኋላ የሊምፍ ቧንቧውን (ከእግር ፈሳሽ የሚመልሰውን ቧንቧ) የሚያስቆጣው እንዴት እንደሆነ ካልታወቀ መድኃኒት ከየት ይመጣል?

ነርስ ከመሸንቲ፦ አንድ አምስተኛውን አያቃልሉት። ትኩሳቱ በዘር ወቅት የመጣባት ሴት ለቀናት ከአልጋ አትነሣም፤ ማሳዋ ጦም ያድራል። ሳሙናና ቫዝሊን ግን ዛሬም በየጤና ኬላው አይገኝም።

ላብራቶሪ፦ አላቃለልሁም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ነው የምለው።

ደብረ ኤልያስ፦ ሁለቱም ያስፈልጋሉ በተባለ ቁጥር የሚቀረው ሳሙናው ነው።

የጣና ዳር፦ እኔ የምጠይቀው ያ የሬዲዮ ዝግጅት በሚቀጥለው ሳምንት ማረሚያ እንዲያቀርብ ነው።

ላብራቶሪ፦ ማረሚያው «ዘር የለበትም» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።