ከመርፌው ይልቅ ቀመሩ?

የኮዬ አባት፦ ትናንት በሬዲዮ የሰማሁት አናደደኝ። አንድ ተመራማሪ ልብ በደም እንዴት እንደሚሞላ በሒሳብ ቀመር ያጠናል ተባለ። እኛ ከኮዬ ፈጬ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ለመነሳት መሀል ከተማ ድረስ እንንከራተታለን። የወረቀት ልብ ማንን ያድናል?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ኢኮውም እኮ በቀመር ነው የሚሠራው። ደሙ በቫልቩ፣ ማለትም በልብ በር፣ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይለካል፣ በራሱ ያባዛዋል፣ ከዚያ በ4 ያባዛል። በሴኮንድ 2 ሜትር ከሆነ ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ድሮ ይህን ለማወቅ በደም ሥር እስከ ልብ ድረስ ቱቦ ይገባ ነበር። ብዙ ሰው ከዚያ የዳነው እርስዎ "የወረቀት ልብ" ባሉት ነው።

ቱሉ ዲምቱ (የሰፈሩ ነዋሪ)፦ ጋሼ ልክ ናቸው። የሰው ልብ ይደነግጣል፣ ይሮጣል። ወረቀት አይደነግጥም።

መምህር፦ ሲሮጥ ምን እንደሚሆን የሚነግርህ ሒሳቡ ነዋ! በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለአንዱ ምት 1 ሴኮንድ አለው። 120 ሲሆን ግማሽ ሴኮንድ። በጣም የሚያጥረው ደግሞ የመሙያው ጊዜ ነው። ቫልቯ የጠበበ ነፍሰ ጡር ልቧ ሲፈጥን ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው። ደግሞ ልብ ዝም ብሎ አይሞላም። እንደተጨመቀ ስፕሪንግ ሲላላ ደሙን ይስባል። ተመራማሪዎች ይህንኑ በስፕሪንግ ቀመር ጽፈውታል።

ለገጣፎ (የከተማው ነዋሪ)፦ ኮዬ ኢኮ የለም ያለው ማነው? የግል ክሊኒክ አለ።

ቱሉ ዲምቱ፦ ዋጋውንስ ጠይቀሃል?

ለገጣፎ፦ ዋጋ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ፦ ለአንተ!

የኮዬ አባት፦ የልጄ ሕመም በጉሮሮ ነው የጀመረው። አሁን ቫልቯ ተጎድቷል። የጉሮሮው ሕመም ተመልሶ እንዳይጎዳት በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች። መርፌው የጠፋበት ወር ነበር። ያን ጊዜ ቀመር ጠፋ ብሎ ያለቀሰ አላየሁም።

ነርሷ፦ እግዚአብሔር ይማርልን ጋሼ። ግን መርፌውን ያጠፋው ተመራማሪው አይደለም። ምን አድርግ ነው የሚሉት?

የኮዬ አባት፦ ወረፋውን ይጠብቅ። መጀመሪያ መርፌ።

መምህር፦ ወረፋ ከተባለማ መቼም አይደርሰውም።

ቱሉ ዲምቱ፦ እሺ መምህር፣ ቀመሩ የተሞከረው በማን ልብ ነው? በሀብታም አገር የልብ ታማሚው አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ነው። እዚህ ቫልቭ የሚጎዳው በልጅነት ነው።

መምህር፦ ለዚህ አይደል እዚሁ ይጠና የምለው?

ቱሉ ዲምቱ፦ አልመለስክልኝም። በማን ልብ?