ደህና የተባለ እንቅርት ወደ ካንሰር ይቀየራል?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እንቅርት ያላት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው። ያደገችው ደጋው ጎጃም ነው። እዚያ ብዙ እናቶች አንገታቸው ላይ አለ። ዘንድሮ በቀኝ በኩል ጎላ ሲልብን እዚሁ ሰፈር አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ “ፎሊኩላር ኒዮፕላዝም፣ ቤቴስዳ 4” ይላል። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ጻፈልን። ካንሰር ነው ወይ ስለው “ሳይወጣ አይታወቅም” አለኝ። ናሙናው ተወስዶ የለም እንዴ? ከዓመታት በፊት ተመርምራ “ካንሰር የለም” ተብላ ነበር። ያ ደህና የነበረው ነው የተቀየረው? እማዬ ደግሞ ጎረቤት “ቢላ ከነካው ይባባሳል” ስላላት አልቆረጥም ብላለች። ስኳርም አለባት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን።

ማይክሮስኮፕ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። የምሠራው ፓቶሎጂ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ያለሽ እውነቱን ነው።

መርፌ የሚያወጣው የተበታተኑ ሕዋሳትን ነው። ፎሊኩላር ዕጢ ላይ ደግሞ የደህናውም የካንሰሩም ሕዋሳት ስላይድ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። ዕጢውን የከበበውን ሽፋን ጥሶ ወጥቷል ወይ? ደም ሥር ውስጥ ገብቷል ወይ? ከብርቱካን መሀል በስሪንጅ ጭማቂ ብትስቢ ልጣጩ መቀደዱን በምን ታውቂያለሽ? ስለዚህ ዕጢው ሙሉውን ወጥቶ ሽፋኑን እያየን እንመረምራለን። ቤቴስዳ የመርፌ ናሙና ውጤት ከ1 እስከ 6 የሚመደብበት ደረጃ ነው። ቤቴስዳ 4 ከተባሉት ውስጥ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ10 ሰው 3 ገደማ ነው። አብዛኛው ደህና ሆኖ ይወጣል።

ተቀየረ ወይ ላልሽው፦ ከ100 የታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) እብጠት ከ90 በላይ የሚሆነው ደህና ነው፣ እንደዚያው ሆኖም ይኖራል። በብዛት የምናየው ካንሰር ፓፒላሪ የሚባለው ነው። እሱ በአብዛኛው ከድሮ እንቅርት ተለውጦ አይመጣም፣ ከመነሻው ካንሰር ነው። ፎሊኩላሩ ግን ይለያል። “ራስ” (RAS) በሚባሉት ጂኖች ላይ የሚደርሰው ለውጥ በደህናውም በካንሰሩም ላይ ይገኛል። ስለዚህ አንዳንዱ ደህና ዕጢ ቀስ እያለ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል ብለን እናስባለን። አዮዲን ባነሰበት አገር ደግሞ የፎሊኩላሩ ድርሻ ከፍ ይላል። እኛ አገር ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የታዘዘው በ2003 ዓ.ም. ነው። እናትሽ ያደጉት ከዚያ በፊት ነው።

አንድ ነገር ግን ፈልጊልኝ። እብጠቱ ብዙ ከሆነ አንዱ ደህና፣ ጎኑ ያለው ካንሰር ሊሆን ይችላል። ያኔ የተወጋው የትኛው ነው?

የካዛንቺሱ፦
እኔም ቤቴስዳ 4 ተብዬ ነበር። የታይሮይዴን ግማሽ ብቻ አወጡልኝ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አዴኖማ ነው ተባልኩ፣ ደህናው ማለት ነው። ቢላ ነክቶት የተባባሰ ነገር የለም። ለእናትሽ ከኔ ጋር በስልክ ላውራቸው ካልሽ ደስ ይለኛል። ከመግባታቸው በፊት ስኳራቸው ይስተካከል። የድምፅ አውታራቸውንም ይዩላቸው፣ የድምፅ ነርቭ እዚያው ታይሮይዱ ሥር ነው የሚያልፈው።

የአራት ኪሎዋ፦
የድሮውን ወረቀት አገኘሁት። “ግራ” ነው የሚለው! አሁን ያደገው የቀኙ ነው። የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ ማታ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ፣ እማዬን አውራልኝ።

ማይክሮስኮፕ፦
እንግዲያው ደህና የተባለው ተቀየረ አይባልም። የቀኙ ያኔ በመርፌ አልተመረመረም። ሁለቱንም ወረቀት ለቀዶ ሐኪሙ ይዘሽ ሂጂ። ግራውም ላይ እብጠት ስላለ የታይሮይዱ ግማሽ ይውጣ ወይስ ሙሉው የሚለውን ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለው ይወስናሉ። ሙሉው ከወጣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን አለ፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። ይህን ሳይገቡ በፊት ይወቁት። እስከዚያ ድምፃቸው ከጎረነነ ወይም እብጠቱ በፍጥነት ካደገ ቀጠሮ አትጠብቁ።