የኅዳር ሲታጠን ጭስ፦ በር ዘግቶ መዳን ይቻላል ወይ?

ሰፈርተኛ፦
ኅዳር 12 ደረሰ። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲነድ ጭሱ ቤት ለቤት ይገባል። አስም ያለበት ልጅ ወይም ልባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ባሉበት ቤት በርና መስኮት መዝጋት፣ እርጥብ ፎጣ፣ ማስክ፣ ማጣሪያ ማሽን፤ ከእነዚህ የትኛው ነው የሚሠራው? ደግሞ የኢኮኖሚክስ ሰዎች እንዲህ ያለውን «የጋራ ጉዳት» ይሉታል፤ ማንም አያመልጠውም ይላሉ። ማሽን የገዛው ሰው ግን አመለጠ አይደለም እንዴ? የምታውቁ አስረዱን።

የአየር ነገር፦
ከጭሱ ውስጥ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ነጠላና ሻሽ አመዱን እንጂ ይህን ብናኝ አይዙም። እርጥብ ፎጣም እንደዚያው ነው፤ በበር ሥር ሲወተፍ የሚጠቅመው ክፍተት ስለሚደፍን እንጂ ስለሚያጣራ አይደለም። ተራው የሐኪም ማስክ በጉንጭ በኩል ያስገባል። ኤን 95 የሚባለው ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ግን ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ 95 በመቶውን ይይዛል። ለማረጋገጥ በሁለት እጅ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ ንፋሱ ዓይናችሁን ከነካ የአፍንጫውን ሽቦ እንደገና ተጫኑት። ጢም ካለ አይገጥምም። ለሕፃን ፊትም አልተሠራም፤ ስለዚህ ልጅን በማስክ ሳይሆን በክፍል ነው የምትከላከሉለት።

ቤቱን በሙሉ ለመዝጋት አትድከሙ። ከመንገድ የራቀ፣ ምድጃ የሌለበት አንድ ክፍል ምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በርና መስኮቱን ይዘጋና ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይረሳል። ጭሱ በዚያ ገብቶ በአቡጄዲው ኮርኒስ በኩል ይወርዳል። ክፍተቱን በጨርቅ ወትፉ፤ የኮርኒሱን ስፌትና ጠርዝ ደግሞ በሰፊ ፕላስተር ለጥፉ።

ማሽን የሚገዛ ሰው ከማስታወቂያው ይልቅ ሲኤዲአር የሚለውን ቁጥር (ማሽኑ በሰዓት የሚያወጣውን የተጣራ አየር መጠን) ይመልከት። 4 በ4 ሜትር የሆነና ከፍታው 2.7 የሆነ ክፍል 43 ሜትር ኩብ ነው፤ አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ 216 ሜትር ኩብ በሰዓት ያስፈልገዋል። ማጣሪያው ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዘው ዓይነት ይሁን። ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚያመነጭ ማሽን አስም ያለበት ሰው ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ያስቆጣል።

ነርስ፦
ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ። በዘጋችሁት ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል። ቡና አይፈላበት፣ እጣን አይጨስበት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኤን 95ም ሄፓም አይዘውም። በቤቱ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ውጭ ጭስ ቢኖርም ቶሎ ውጡ።

አስም ላለበት ልጅ የሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) ፓፉ ዛሬውኑ ይፈተሽ፤ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ሁልጊዜ በጭንቁ ቀን ነው። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ መያዣ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ውኃ ላስቲክ ይሆናል። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተንፍስ። አንድ ፓፍ ነፍታችሁ አራት አምስት ጊዜ በእርጋታ ካስተነፈሳችሁት በኋላ ነው ቀጣዩ፤ ብዛቱ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ። ንግግሩን መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ምጣኔ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። የጋራ ጉዳት የሚባለው ሁለት ባሕርይ አለው፦ አንዱ ስለተነፈሰው ለሌላው አይቀንስም፣ በአካባቢው ያለን ሰው ነጥሎ ማስቀረትም አይቻልም። ቆሻሻው ራሱ ግን እንዲህ አይደለም። ክምሩ ወይ የእኔ ደጅ ላይ ነው ወይ የእናንተ፤ ባለቤት አለው። ክብሪት የተጫረ ጊዜ ነው የአንድ ቤት ጉዳት የሰፈር ጉዳት የሚሆነው። እኔ የማዝነው እዚህ ላይ ነው፤ በእጅ ሊነሣ የሚችለውን ነገር እጅ ወደማይደርስበት አየር እንልከዋለን።

ማምለጥ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ማሽን የገዛው ሰው ጉዳቱን ወደ ወጪ ለወጠው እንጂ አላመለጠም። ያውም በአንድ ክፍል፣ መብራት እስካለ ድረስ፣ ለብናኙ ብቻ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ካስነሣ ደግሞ የእሱ ጥላ ለጎረቤቱ ጭስ ሆነ። በካናዳ ሳድበሪ በ1972 እ.ኤ.አ. 381 ሜትር ቁመት ያለው የማቅለጫ ጭስ ማውጫ ተሠርቶ የከተማዋ አየር ሲሻሻል፣ ድኝ ያለበት ጭስ ርቆ ሄዶ ሌላ ቦታ ወረደ። ለንደንም በታኅሣሥ ወር 1952 እ.ኤ.አ. በጭስ በታፈነች ጊዜ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ቤት ጭስ ገብቶበት ትርኢቱን አቋርጧል፤ በር መዝጋት አላዳነውም። ለውጥ የመጣው ሰው ቤቱን ስላሸገ ሳይሆን የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ የሚነደውን ነገር ስለነካ ነው።

የዕለቱን መነሻም አስቡት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) ሲገባ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ ግቢና አጥር አላስጣለም።

ሰፈርተኛ፦
እሺ፣ ገባኝ። ካልተቃጠለ ግን ያ ሁሉ ክምር የት ይሂድ?

የአየር ነገር፦
ችግሩ ሁሉም በአንድ ቀን መጥረጉ ነው። ገንዳው ይሞላል፣ የተረፈው ይነድዳል። ስለዚህ ጠረጋው ከኅዳር 5 ጀምሮ በየመንደሩ ተከፋፍሎ ይደረግ፤ የዕድሩ ለፋፊ ጥሩምባ ሲነፋ ይህንኑ አብሮ ይናገር። ጠርሙስ፣ ብረታ ብረትና የውኃ ላስቲክ ለቆራሌው ይለይ። ቅጠልና የወጥ ቤት ትራፊ ግቢ ላለው ሰው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ይበቃዋል፤ በየጊዜው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስምና ለብቻው ይቀመጥ። ቀሪው በማዳበሪያ ታስሮ ለሰብሳቢው ማኅበር ይሰጥ።

ማቃጠሉን አንተውም ያለ ደጅ ቢያንስ ፌስታል፣ ጫማ፣ ጎማ፣ ባትሪና የኤሌክትሪክ ገመድ እሳት ውስጥ እንዳይገቡ ያድርግ፤ የገመድ ልባስ ሲነድ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝና ዳይኦክሲን የተባሉ መርዞችን ያወጣል። ሰዓቱም ማለዳ አይሁን። በኅዳር ብርድ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ አየር ጭሱን ይዞት ይተኛል፤ ፀሐይ ሞቃ ንፋስ እስኪነሣ፣ እስከ አምስት ስድስት ሰዓት፣ ከሰፈሩ አይወጣም።